የእሳት ጠባቂው ጠባቂ

አናጢውን ሰፈሩ ሁሉ «ምናልባት» ይለዋል። ጎረቤት ደህና አደርክ ቢለው፣ ምናልባት ሊበደረኝ ነው ብሎ ኪሱን ይዳብሳል። ሚስቱ ጠዋት ፈገግ ካለች ምን ሸሽጋ ይሆን እያለ ሲብሰለሰል ይውላል። የዚህን ሰው ጥርጣሬ የጫነ የጭነት መኪና፣ ከመንቀሳቀሱ በፊት አራቱም ጎማው ይፈነዳል።

እጁ ግን ሌላ ነው። እሱ የሠራውን በር ሌባ እንኳ ሊሰብረው አንጀቱ አይችልም፤ ዳሰስ አድርጎት ይመለሳል። ለዚህም ነው መንግሥት ለአዲሱ ጤና ጣቢያ በሮቹን ያዘዘው። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜ አንዴ ነው የሚመጣው። በወሩ መጨረሻ ካላስረከበ ግን ትእዛዙ ይነጠቃል፤ ያኔ ወርክሾፑን መዝጋቱ ነው።

ከትእዛዙ ጋር ደንብ ተከትሎ መጣ። የመንግሥት ሥራ የያዘ የእንጨት ወርክሾፕ ሁሉ የእሳት ጠባቂ ይኑረው። ጠባቂው ፊሽካ አንገቱ ላይ፣ የአሸዋ ባልዲ አጠገቡ አድርጎ ይቀመጥ። ሌላ መሣሪያ በእጁ አይንካ። ደመወዙን መንግሥት ይከፍላል።

«ሥራ መፍጠሪያ ነው» አለ ደንቡን ያመጣው ተቆጣጣሪ።

የተላከው ጠባቂ የቀድሞ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ማሽን ተተክቶበት የተባረረ። ፊሽካውን ለሙከራ አንዴ ቢነፋው የሦስት ሰፈር ውሻ ተነሣ።

አናጢው ሚስቱን ወደ ጓዳ ጎተታት። «ምናልባት እሳቱን ራሱ ይለኩሰዋል።»

«ምን ሊጠቀም?»

«እሳት ካልተነሣ ጠባቂ ለምን ይከፈለዋል? ሥራውን እንዳያጣ እሳት ያስፈልገዋላ።»

«እንግዲያው ሐኪምም በሽታ ይዘራል በላ።»

«እሱንም አስቤበታለሁ» አለ አናጢው።

በማግስቱ የሚስቱን ወንድም ቀጠረ። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ሶፋቸው ላይ ተኝቶ የሶፋውን ቅርጽ የያዘ ሰው ነው። ሥራው ጠባቂውን መጠበቅ ሆነ፤ ደመወዙ ከአናጢው ኪስ።

«እትዬ፣ እኔንም መንግሥት ቀጠረኝ ማለት ነው?» አለ እህቱን።

«አንተን የቀጠረህ የባሌ ጥርጣሬ ነው። እሱ ደግሞ በጀቱ አያልቅም። ይልቅ ብርጭቆ ወረቀት ቢያስይዝህ ይሻል ነበር፤ በሮቹ አልለሰለሱም።»

ሁለቱ ሰዎች በሳምንቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው በቆርኪ ዳማ መጫወት ጀመሩ። አናጢው ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። ተመሳጥረዋል! እንግዲህ ሁለቱን ራሱ መጠበቅ ነበረበት። መላጊያውን ጣለ። ቁልፍ ሊገባበት የተቦረቦረ አንድ በር አቁሞ ከኋላው ተሸሸገና፣ በቁልፉ ቀዳዳ አንድ ዓይኑን አሾልኮ መዋል ያዘ። ዓይኑ ከማበጡ የተነሣ ቤት ሲገባ ሚስቱ በየትኛው እንደሚያያት ግራ ይገባት ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ከሰዓት፣ አናጢው ኮላው እንዲላላለት የኮላውን ጣሳ ምድጃ ላይ ጣደና ወደ ቀዳዳው ተመለሰ። ኮላው ገነፈለ። ነበልባሉ ወርዶ ከአናጢው ጀርባ የተከመረውን ሰጋቱራ ያዘ።

ፊሽካው ጮኸ።

«ጋሼ! ከኋላህ!» አለ ጠባቂው።

አናጢው አልዞረም። «ዞር እንድልልህ ነው የምትፈልገው።»

«ጋሼ፣ እውነቱን ነው፣ እየነደደ ነው» አለ የሚስቱ ወንድም።

«አንተም አለህበት!»

«ኧረ ሱሪህ!»

«ሱሪዬን ተዉት። እጃችሁን ነው የማየው።»

ጠባቂው ባልዲውን አንሥቶ እየሮጠ አሸዋውን በሙሉ አናጢውና ሰጋቱራው ላይ ደፋው። እሳቱ ጠፋ። በሮቹ ተረፉ። የሱሪው መቀመጫ ግን አንድ ሕፃን የሚያሾልክ መስኮት ሆነ።

አናጢው አሸዋ ከጆሮው እያራገፈ፣ «ምድጃው ላይ ጣሳ የጣደ ማነው?» አለ።

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነበር። «አንተ።»

አናጢው እጁን ከጆሮው አወረደ። በዕድሜው ሙሉ ያልጠረጠረው አንድ ሰው ቢኖር ራሱን ነበር። ዙሪያውን አየ። በሮቹ ተገጣጥመዋል፤ አንዳቸውም ግን አልለሰለሱም። የቀሩት ሁለት ቀናት ናቸው።

«ሁላችሁም ብርጭቆ ወረቀት ያዙ» አለ።

«እኔ አልችልም» አለ ጠባቂው። «እኔ መሣሪያ ከነካሁ ወርክሾፑ ጠባቂ የለውም። ጠባቂ ከሌለው ደግሞ በሮቹን አይረከቡህም።»

ሚስቱ ባሏን ከእግሩ እስከ ራሱ ተመለከተችውና ወደ ጠባቂው ዞረች። «ፊሽካውን ለእሱ ስጠው። ሲጠብቅ እንደሆነ ሁለት ሳምንቱ። ሌላ ሥራም አልነካም።»

እንዲህ ሆነ። ትኬት ቆራጩ ከአናጢው ሚስት ወንድም ጎን ተሰልፎ፣ እንጨቱ የሰው ፊት እስኪያሳይ ፈተገ። አናጢው በገዛ ወርክሾፑ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ፣ ባልዲ ጉልበቱ መሃል አድርጎ ተቀመጠ። እንደዚያ ያለ ጠባቂ ምድር አላየችም። ሚስቱ መብራት ስታበራ እንኳ ይነፋል።

በማስረከቢያው ቀን ተቆጣጣሪው መጥቶ በሮቹን አንድ በአንድ ዳበሰና ረካ።

«አየህ?» አለ። «አንድ ደንብ ስንት ሰው ቀጠረ!»

«ደንቡ ነው ወይስ በሮቹ?» አለች ሚስቲቱ።

ተቆጣጣሪው ከኪሱ ሲጋራ አወጣና ክብሪት ጫረ። አናጢው ባልዲውን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ፣ በተቆጣጣሪው ጆሮ ሥር ፊሽካውን ነፋው።