የመጋዙ ባርኔጣ

በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ የክቡን መጋዝ ክዳን «ባርኔጣ» ነበር የሚሉት። ስለቱን ከላይ ሸፍኖ የሠራተኛን እጅ የሚያርቅ ቀይ ቆርቆሮ ነው። ግን መስመር ይጋርዳል፣ ሥራ ያጓትታል ብለው ወደ ላይ ገልብጠው በሽቦ ያስሩታል። የሚወርደው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነው። ያኔ በሩ አጠገብ ያለው ሰው፣ «እንግዳ መጥቷል፣ ባርኔጣውን አድርጉለት!» ይላል፤ ሽቦው ይፈታል፤ እንግዳው ሲሸኝ ተመልሶ ይታሰራል። በዚህ ቀልድ ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው አንድ አናጺ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ይህ አናጺ የሚገፋው ሳንቃ ጉጥ ነበረበት። ስለቱ ጉጡን ሲነክስ ሳንቃው ተፈናጠረ፤ እጁ ያልተሸፈነው ስለት ላይ ወደቀ። አሁን ከቀኝ እጁ የቀሩት አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ናቸው።

ቁስሉ ድኖ ሥራ በሚመለስበት ጠዋት፣ ትንሿ ልጁ እንደ ወትሮዋ በርጩማዋን ይዛ መጥታ ፊቱ ተቀመጠች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ጸጉሯን የሚጎነጉንላት እሱ ነው። ጎረቤቶች እንኳ «መዶሻ የለመደ እጅ ይህን ከየት አመጣው?» እያሉ ይደነቁ ነበር። ጸጉሯን ለሦስት ከፈለው። አንዱን በግራው ያዘ፤ ሌላውን በቀኙ ሊይዝ ሲል አውራ ጣቱ የሚገጥመው ጣት አጣ። ጸጉሩ ሾልኮ ወደቀ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ሾለከ።

«አባዬ፣ ዛሬ ዝም ብለን እንሰረው» አለች ዞር ሳትል። «ጉንጉን ራሴን ያሳክከኛል።»

እንደማያሳክካት ያውቃል። ላስቲኩን እሱ ያዘላት፤ እሷ አሰረችው።

ሥራ ቤቱ በር ላይ ገና የሰጋቱራው ሽታ ሲቀበለው፣ ከቅጥነቱ የተነሳ «ሚስማር» የሚሉት ባልደረባው ሮጦ አቀፈው።

«ጋሼ! ያላንተ እኮ ቤቱ ጭር ብሎ ነው የከረመው። ደግሞ ወፍረሃል! አልጋ ተስማምቶሃል!»

«አንተ ግን ያው ነህ። ነፋስ እንዳይወስድህ ኪስህ ውስጥ ድንጋይ ጨምር።»

ተሳሳቁ። አናጺው ቀና ሲል መጋዙን አየ። ባርኔጣው ተገልብጧል፤ በአዲስ ሽቦ ታስሯል።

«ማን ነው ያሰረው?»

ሚስማር አንገቱን አከከ። «ካንተ ነገር በኋላማ ወርዶ ነበር። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ወንበር ትእዛዝ መጣና… ሥራ በዛ። እኔ ነኝ ያሰርኩት። ግን እየተጠነቀቅሁ ነው የምሠራው፣ ሙት!»

«እኔስ ሳልጠነቀቅ ቀርቼ ነው?»

አናጺው ሞተሩን አጥፍቶ ሶኬቱን ነቀለ። ስለቱ እየተንቀራፈፈ እስኪቆም ጠበቀና ሽቦውን ሊፈታ እጁን ዘረጋ። በግራው ክዳኑን ደገፈ፤ በቀኙ የሽቦውን ጫፍ ፈለገ። አውራ ጣቱ ሽቦውን ይገፋዋል እንጂ አይይዘውም።

«ጋሼ፣ ተወው፣ እኔ ልፍታልህ» አለ ሚስማር።

«ቆይ።»

ሽቦው ወጋው። ትንሽ ደም ወጣ። እጁን አወረደና ያየው ጀመር፤ የሌላ ሰው ዕቃ የያዘ ይመስል።

«የልጄ ጸጉርም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አልያዝ ይለኛል።»

ሚስማር ፊቱን አዞረ። ፒንሳ አንስቶ ሽቦውን ፈታ፤ ክዳኑ ቀጭ ብሎ ስለቱ ላይ ወረደ። ሽቦውን እንደ ልማዱ ግድግዳው ላይ አልሰቀለውም። ምንም ነገር የማያስር እስኪሆን ድረስ ቆራረጠው። የሥራ ቤቱ ኃላፊ፣ ፎርማኑ፣ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አናጺውን አየና መልሶ ገጠመው። የዚያን ቀን ወንበር ከወትሮው ያነሰ ነው የወጣው።

አመሻሹ ላይ ልጁ የቤታቸው በር ላይ ጠበቀችው። ጸጉሯን ራሷ በመስታወት እያየች ጎንጉናዋለች፤ አንዱ ጉንጉን ወደ ጆሮዋ ዞሯል፣ ሌላው ከመሃሉ ተፈቷል።

«አባዬ፣ ጠማማ ነው እንዴ?»

የሳንቃን ጥማሜ ያለ መለኪያ በዓይኑ ብቻ የሚለየው ሰው ጎንበስ ብሎ አየላት። ረጅም ጊዜ አየ።

«ቀጥ ያለ ነው፣ የኔ ልጅ» አላት።