ወደ ኋላ የሚጠረግ አሸዋ

ታሊቫልዲስ የሚስቱን መቃብር አሸዋ ወደ ኋላ እየሄደ ይጠርጋል። ባለጥርሱን የእንጨት መቧጠጫ ከድንጋዩ ሥር ያሳርፍና በቀስታ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ አንድ እርምጃ ያፈገፍጋል፤ ደግሞ ይስበዋል። ጥርሶቹ በአሸዋው ላይ ቀጫጭን መስመሮች እያሰመሩ የገዛ ጫማውን ዱካ ከፊቱ ያጠፉለታል። በዚህ መንደር ከመቃብር የሚወጣ ሰው ዱካውን ትቶ አይሄድም፤ ይህን ሁሉም ከልጅነቱ የሚማረው ነው። እሱ ግን ተክኖበታል። ጨርሶ ሲወጣ፣ አንድ ሰው እዚያ ቆሞ እንደነበር የሚያሳብቅ ምንም ነገር አይቀርም።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ መንደሩ ተሰብስቦ ሙታኑን የሚያስብበት የመቃብር በዓል በሚውልበት ቅዳሜ፣ ጠዋት ይመጣል። አሸዋውን ያሰማምራል፣ አበባውን በጥንድ በጥንድ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ሰው ሳይሰበሰብ ብስክሌቱን እየገፋ ውልቅ ይላል። ከቀትር በኋላ ልጁ ኢንጉና ከአየርላንድ ትደርሳለች። በእናቷ መቃብር ላይ ትቆማለች፤ ስትሄድ እሷም በተራዋ አሸዋውን ጠርጋ ትሄዳለች። በማግሥቱ ተመልሶ ሲመጣ የሷን መስመሮች ያገኛቸዋል፤ ከሱ ይልቅ የጠበቡና የተጣደፉ ናቸው። አባትና ልጅ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተላላኩት በዚህ ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ኮት ለብሷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ማንን ልትድር ነው?» አለችው ስካይድሪቴ። ጎረቤቱ ናት፤ ከአጠገቡ ባለው የባሏ መቃብር ላይ ተንበርክካ አረም ትነቅላለች።

«ማንንም።»

«ይሄን ኮት እኮ ያየሁት አውስማን የቀበርን ዕለት ነው። እስካሁን ብል አልበላውም?»

«ብሉም ይሸሸኛል።»

ስካይድሪቴ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ አፈር የነካ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ በለሆሳስ ጠየቀችው። «ልትቆይ ነው እንዴ፣ ታሊ?»

እቆያለሁ ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነበር። «ውሃ ቀድተሻል?»

«ይኸውልህ!» አለች ወደ ሰማይ አንጋጣ። «ለጠየቁህ ነገር ቀጥ ያለ መልስ ስትሰጥ ሳልሰማ ልሞት ነው። አውቶቡስም ስትነዳ እንዲሁ ነበርክ። አንዲት ጉድጓድ ለመሸሽ ብለህ ልጆቻችንን ይዘህ የሰው ድንች ማሳ ውስጥ ትገባ ነበር!»

እውነቷን ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ እዚህ መንገድ ላይ የማያውቃት ጉድጓድ የለችም፤ የገባባት ጉድጓድም የለችም።

የሸሸው ትልቁ ነገር ግን ጉድጓድ አልነበረም። ሚስቱ አውስማ ታማ ከተማው ሆስፒታል በተኛችበት የበረዶ ክረምት ኢንጉናን በመኪናው ያደርሳት ነበር። በሩ ላይ ያወርዳትና «አንቺ ግቢ፣ መኪናዋን ላቁምና እመጣለሁ» ይላታል። ያቆማል። ከዚያ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ይቀመጣል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለውን መስኮት ያያል፤ ፖም ያወጣና ይበላል፤ መስታወቱ በትንፋሹ ሲጉም በእጅጌው ይጠርገዋል። ወጥቶ ካያት ነገሩ እውነት ይሆንበታል፤ ካላያት ግን ገና ሳትታመም የሚያውቃት አውስማ ናት። ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ከዚህ የጠለቀ ምክንያት አልነበረውም። ኢንጉና ከላይ በመስኮቱ ታየዋለች። እናቷ «አባትሽስ?» ስትላት «ማቆሚያ አጥቶ ነው፣ ይመጣል» ትላታለች። አውስማ እስክትሞት ድረስ ማቆሚያ አልተገኘም።

የቀብሩ ዕለት ኢንጉና አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው። ሬሳው ወርዶ፣ ሰው ሁሉ ሦስት ሦስት እፍኝ አሸዋ በትኖ ሲያበቃ ወደ አባቷ ዞር አለች። «ማቆሚያ አገኘህ?» አለችው። በዚያው ሰሞን ወደ አየርላንድ ሄደች። እዚያ አገባች፣ ወለደች።

ባለፈው የገና ሰሞን ስልኩ ጮኸ። የሕፃን ድምፅ ነበር፤ ሹክ እያለ ይጣደፋል። በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ከሁሉ ታሊቫልዲስ የያዘው «ኖራ» የሚለውን የልጅ ልጁን ስም ብቻ ነው። ሌላ የሚለው ቢያጣ «ያ፣ ያ፣ ያ» አለ፤ አዎ፣ አዎ፣ አዎ። መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ብዙ ቆመ። ያን ሳምንት በጭስ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ መምህርት ቤኒታ ቤት ሄደ።

ቤኒታ በድሮው ዘመን ሩሲያኛ ታስተምር ነበር። ዘመኑ ሲገለበጥ እንግሊዝኛን ከተማሪዎቿ በአንድ ምዕራፍ ቀድማ እየተማረች እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረች። ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ከምን እንጀምር? ከሰላምታ?»

«ከመሸሽ።»

«ምን አልክ?»

«ሰው ሰውን ሲሸሽ ምን ይባላል፣ መምህርት? እሱን ያስተምሩኝ።»

መነጽሯን አጥልቃ ከወፍራም መዝገበ ቃላቷ እየፈለገች ታነብለት ጀመር። አቮይድ። ኢቬይድ። ዶጅ። ሻን። በየቃሉ ትይዩ የቆመው ያው አንድ የአገሩ ቃል ነበር፤ ኢዝቫይሪቲየስ፣ መሸሽ። «አየህ፣ እንግሊዞቹ ለየሽሽቱ ስም አውጥተውለታል» አለችው። «ዶጅ የተወረወረ ድንጋይ ዝቅ ብለህ ስታሳልፍ ነው። ኢቬይድ ጥያቄ ስታድበሰብስ ነው። ሻን ደግሞ የምታውቀው ሰው ሲመጣ ፊትህን ስታዞር። እኛ ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ ከትተነዋል።»

ክረምቱን በሙሉ እነዚያን ቃላት በየተራ ለካቸው፤ ሰው ሱቅ ገብቶ ኮት እንደሚለካ። ለዚያ መኪና ማቆሚያ የሚሆነው የትኛው ነው? ዶጅ ፈጣን ነው፤ የሱ ሽሽት ወራት ፈጅቷል። ሻን ጥላቻ አለበት፤ እሱ አውስማን አልጠላም፤ አንድም ቀን። ሌሎቹም ወይ ትከሻው ላይ ይጠቡታል፣ ወይ እጅጌያቸው ይረዝምበታል። በረዶው ሲቀልጥ ቤኒታ መጽሐፉን ዘጋችው።

«ታሊ፣ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«እንግዲያው እነዚህን ተዋቸው። ‹ፈርቼ ነበር› በላት። በእንግሊዝኛ ሦስት አጫጭር ቃል ናት።»

«እሷማ ከሁሉም ትከብዳለች።»

«ለዚህ እኮ ነው በመጨረሻ ያመጣሁልህ» አለች ቤኒታ።

ዛሬ ከቀትር በኋላ የኢንጉና መኪና ከመቃብሩ በር ውጪ፣ ትልቁ ዛፍ ሥር ስትቆም ሰው ገና መሰባሰቡ ነበር። የጥሩምባ ባንዱ ልጆች ወንበራቸውን ያደራጃሉ። ኢንጉና ወረደች። ጸጉሯን አሳጥራዋለች፤ አረማመዷ የእናቷ ነው፤ ቀኝ ትከሻዋን ቀደም ታደርጋለች። ከኋላዋ ቢጫ ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ጉልበቷ የተላላጠ ልጅ ዘላ ወረደች።

ታሊቫልዲስ አልሸሽም ብሎ ለራሱ ምሏል። እግሩ ግን መሐላውን አልሰማም። ውሃ ማጠጫውን አነሣ፤ ውሃ ልቅዳና እመጣለሁ አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ። ስካይድሪቴ አንገቷን ስትነቀንቅ እያየ በጥዶቹ መካከል ሄደ፤ ዕቃ ማስቀመጫው ዳስ ጀርባ፣ የእጅ ፓምፑ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ማጠጫውን ሞላው። ደፋው። እንደገና ሞላው።

የቦቲ ጫማ ኮቴ ሲሰማ ቀና አለ። ልጅቷ ባዶ ማጠጫ እየጎተተች መጥታ የፓምፑን እጀታ ተንጠለጠለችበት። አልተነቃነቀም።

«ከባድ ነው!» አለች በእንግሊዝኛ።

«አሮጌ ነው» አላት በእንግሊዝኛ፣ የገዛ ድምፁ እያስደነገጠው። «ቆይ፣ እኔ።»

«እንግሊዝኛ ይችላሉ!»

«ትንሽ። ቀስ ብለሽ ከተናገርሽ።»

ቀና ብላ ከኮቱ እስከ ጫማው አየችው። «እዚህ ነው የሚሠሩት?»

እነሆ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት። አንድ ቃል፣ «አይደለም» ቢላት፣ የቀረው በራሱ ይመጣ ነበር። ታሊቫልዲስ እጀታውን ቁልቁል ገፋ። «አዎ» አለ። «አሸዋውን እጠርጋለሁ።»

«እርስዎ ነዎት እንዴ! የሴት አያቴም ላይ መስመሮች አሉ። እማዬ ሁልጊዜ ከመግባቷ በፊት ቆማ ታያቸዋለች። ‹ቆይ፣ እንዳትረግጪው› ትለኛለች። ከዚያ ግን ራሷ ትረግጠዋለች።»

«ወንዱ አያትሽስ?»

«እሱ አልሞተም። አይመጣም እንጂ። እማዬ ሳታይ ደውዬለት ነበር እኮ። ‹በአሸዋው ቀን ና፣ እጠብቅሃለሁ› አልኩት። ‹ያ፣ ያ፣ ያ› አለኝ። ‹ያ› በእናንተ ቋንቋ አዎ ማለት ነው አይደል?»

«አዎ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ውሸታም ነው» አለች ኖራ።

ውሃው ማጠጫውን ሞልቶ በቢጫው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ፤ እሱ ግን መግፋቱን አላቆመም። ሦስቱ ቃላት ምላሱ ላይ ነበሩ። ክረምቱን በሙሉ ላሞችን እያያቸው፣ ብስክሌት ላይ ሆኖ፣ ምድጃ ፊት ተቀምጦ ሲላቸው የከረማቸው ቃላት። አፉን ከፈተ። «ምናልባት» አለ፣ «ምናልባት ፈርቶ ይሆናል።»

«ምን ፈርቶ? እኔ እኮ ገና ዘጠኝ ዓመቴ ነው!»

«ኖራ!» የኢንጉና ድምፅ ነው። ልጅቷ ማጠጫዋን በሁለት እጇ አንጠልጥላ፣ ውሃውን እያንጠባጠበች ሄደች። ስትርቅ ታሊቫልዲስ፣ ማንም በሌለበት፣ ሦስቱን ቃላት በትክክል አላቸው፤ አንዱም አልተሰበረበትም።

ከዳሱ ጥግ አሻግሮ አየ። ልጅቷ ለእናቷ እየተናገረች በጣቷ ወደ ፓምፑ ታሳያለች። ኢንጉና ቀና አለች። ረጅም ጊዜ ወደዚያ አየች። አንድ እርምጃ ወደፊት የመራመድ ያህል ትከሻዋ ቀደመ፤ ከዚያ ተመልሳ ወደ ድንጋዩ ዞረች። ባንዱ መምታት ጀመረ። ፓስተሩ በዚያ አሸዋ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም እያነበበ ሲሄድ «አውስማ» ሲል ታሊቫልዲስ ከዳሱ ጀርባ ቆቡን አወለቀ።

ሰው ሲበተን ስካይድሪቴ ቅርጫቷን አንግታ በአጠገቡ አለፈች። ቆም ብላ በእጁ ያለውን ማጠጫ አየች። በዚያች ሰዓት በድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«ውሃ ቀዳህ?» አለችው፤ መልሱን ሳትጠብቅ ሄደች።

መቃብሩ ዘንድ ሲመለስ አሸዋው አልተጠረገም። መቧጠጫው እሱ በተወበት፣ አግዳሚው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ትንንሽ የቦቲ ዱካዎች መስመሮቹን እየቆራረጡ አበባው ድረስ ሄደው ተመልሰዋል። ከጎናቸው የኢንጉና ጫማ አለ፤ አንድ ቦታ ላይ ወደ ፓምፑ ዞሮ፣ ተመልሶ፣ ደግሞ ዞሮ አሸዋውን በጥልቀት ቆፍሮታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዱካዋን ሳታጠፋ ሄዳ አታውቅም።

ልማድ ሆኖበት መቧጠጫውን አነሣ። ጥርሶቹን ከድንጋዩ ሥር አሳረፈ። መሳብ ግን አቃተው።

ቀና ሲል በበሩ በኩል መኪናዋን አያት። ከዛፉ ሥር አልተንቀሳቀሰችም፤ ሞተሩ አልተነሣም። ኢንጉና መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊት ታያለች። ከኋላ ወንበር ላይ ኖራ መስታወቱን በትንፋሿ እያጎመች በጣቷ መስመር ታሰምርበታለች።

ያን አቀማመጥ ያውቀዋል። እንዲያ ተቀምጦ የሚቀር ሰው እምቢ ያለ እንደሚመስል፣ ግን እምቢ እንዳላለ ያውቃል። በዚያ ክረምት እሱም መሪውን ይዞ ሲጠብቅ የነበረው፣ አንድ ሰው ወርዶ መስታወቱን በጣቱ እንዲመታለት፣ ና እንዲለው ነበር። ማን ይወርድለት? መውረድ የማትችለው ሴት ከላይ ሆና እሱን ትጠብቅ ነበር። ይህን ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመትና አንድ መዝገበ ቃላት ፈጅቶበታል፤ ለአውስማ ዘግይቷል።

መቧጠጫውን መሬት ላይ ተወው። በኢንጉናና በኖራ ዱካዎች ላይ እየረገጠ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተራመደ። ማጠጫው አሁንም እጁ ላይ ነው፤ ውሃው ሱሪውን እያራሰው ነው። ለኢንጉና እንግሊዝኛ አያስፈልግም ብሎ አሰበ፤ በገዛ ቋንቋቸው ማለት ይኖርበታል፤ ያንን ደግሞ አልተለማመደውም።

በሩ ጋ ሳይደርስ የመኪናዋ የኋላ ቀይ መብራት በራ። ልትሄድ ይሁን፣ እግሯ ሳታስበው ፍሬኑን ነክቶ ይሁን፣ ከዚህ ሆኖ መለየት አይቻልም። ታሊቫልዲስ ማጠጫውን ጣለና ሮጠ።