አውድማው አይሸጥም

ሸጊቱ ባሏን በቀበረች በዓመቱ የባሏ ታናሽ ወንድም ግሩም እስከ መንደሯ ሰባታሚት ድረስ መጣ። ግሩም ባሕር ዳር ውስጥ የመሬት ጉዳይ በሚታይበት ቢሮ የሚሠራ፣ ጫማውን አቧራ የማይነካው ሰው ነው። ለልጇ ለቃልኪዳን ብስኩት ይዞ መጥቶ ከመደቡ ላይ ተቀመጠና፦

«እታለም፣ ያ የኋላ ማሳ ምን ያደርግልሻል? የሚያርስልሽ የለ። እኔ አስፋልቱ ዳር ያለችኝን ቤት ልስጥሽ፣ አንቺ ማሳውን ልቀቂልኝ። ሻይ ቤት ትከፍቻለሽ። የወንድሜ ልጅ አትራብብኝ» አላት።

ሸጊቱ አለቀሰች። ጉልበቱን ልትስም ዝቅ ስትል «ኧረ በሥላሴ!» ብሎ አነሳት። በሕግ ተለዋወጡ። ከማሳው ፊት ለፊት ያለችው አውድማ ግን ሸጊቱ ከእናቷ የወረሰቻት ስለነበረች ከልውውጡ አልገባችም። እሱም አልጠየቀም።

ሻይ ቤቱ ገበያ ነበረው። የጎንደር ሹፌሮች ይቆማሉ፣ አሳ የጫኑ ይቆማሉ። ከዚያ ግን ከተማውን ሳይነካ የሚያልፍ አዲስ አስፋልት ተጀመረ፤ በዚያ በኋላ ማሳ በኩል። አልቆ የተከፈተ ሰሞን አሮጌው መንገድ ጭር አለ። ውሻ መሀሉ ላይ ይተኛበት ጀመር። የሸጊቱን ቤት እንኳን የሚገዛ የሚከራይ ጠፋ፤ የማሳው ዋጋ ደግሞ ሰማይ ነካ። ግሩም እዚያ ላይ ፎቅ ሆቴል ጀመረ።

ሸጊቱ ዕድሌ ነው ብላ ነበር። አንድ ቀን ግን በመንገዱ ሥራ የነበረ ቀያሽ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ «የዚህ መንገድ ፕላን እኮ ቢሮ ከገባ ቆይቷል፤ ባልሽ በሕይወት ሳለ የታወቀ ነገር ነው» አላት። አውድማዋንም በፕላኑ መሠረት መንገዱ ይውጣት ነበር፣ ግሩም ያልጠየቃትም ለዚሁ ኖሯል፤ ቋጥኝ ሽሽት ትንሽ ወደ ሐይቁ ገፋ ስላደረጉት ነው የተረፈችው። ሸጊቱ ብርጭቆውን አነሳች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች። ልትስመው ዝቅ ያለችለትን ጉልበት ግን አስታወሰች፤ አፏ መረራት።

ሆቴሉ ሊያልቅ ሲል ግሩም መጣ። ከአስፋልቱ ወደ ሆቴሉ መግቢያው አውድማዋ ነበረች።

«እታለም፣ ዋጋ ጥሪ።»

«አውድማው አይሸጥም።»

«እኔ እኮ ነኝ!»

«አንተ ስለሆንህ ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ አውድማዋን ለገብረ ክርስቶስ አከራየች። ገብረ ክርስቶስ ቆዳ ነጋዴ ነው፤ በቆዳው ሽታ የተነሳ ከየሰፈሩ የተባረረ። ቆርቆሮ አቆመ፣ ቆዳውን በጨው እያሸ ከመረ። ቀን ቀን ከጣና የሚነሳው ነፋስ ሽታውን ሰብስቦ በሆቴሉ መስኮት ይከተዋል።

በጥር ሆቴሉ ተከፍቶ የመጀመሪያው ሰርግ ገባ። ሙሽራዋ በቬሏ አፍንጫዋን ሸፍና ከመኪና ወረደች፤ ኬኩ ላይ ዝንቡ ቀደማት። ሚዜዎቹ ተያዩ። ዘፈኑ ሳይሞቅ እንግዳው ወደ መኪናው ተመለሰ። ሸጊቱ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጣ ሁሉንም አየች። ከዚያ በኋላ ሰርግ የሚያስገባ አልተገኘም። ግሩም ለመክሰስ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን የቆዳው ነገር ፍርድ ቤት ከተነሳ የልውውጡም ነገር አብሮ እንደሚነሳ ያውቃል። ሽማግሌ ላከ።

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተቀመጡ። የንስሐ አባቷ መምሬ ወልደ ጻድቅ ጀመሩ።

«ሸጊቱ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

«ገንዘብ አልጠየቅሁም አባቴ። ስንለዋወጥ መንገዱ እንደሚመጣ ያውቅ እንደሆን እዚሁ ሰው ፊት ይናገርልኝ።»

ግሩም መሬት መሬት አየ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ጮክ በል፤ አባቴ፣ እርስዎም ይስሙ።»

«አውቅ ነበር እታለም! አውቄ ነው ያደረግሁት። ማሪኝ!»

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። መምሬም መስቀላቸውን እያወጡ «እግዚአብሔር ይፍታህ። በይ እንግዲህ፣ ቆዳውን አስነሽለት» አሏት።

«ቆዳውን አስነሳለሁ ያልሁት መቼ ነው? መስማት ፈለግሁ፤ ሰማሁ።» ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። መምሬ መስቀሉን እንደያዙ ቀሩ።

ያን ዕለት ቃልኪዳን ከኮሌጅ መጥታ ለመነቻት። «እማዬ፣ ይብቃሽ። ልብስሽ እኮ ይሸታል። ሰው ምን ይላል?»

«ይሽተት። የእኔ በሳሙና ይለቃል።»

ልጅቷ አልቅሳ ሄደች፤ ለፋሲካም አልመጣች። ሸጊቱም ከዚያ ወዲህ አልቆረበችም። ይህ ሌሊት ሌሊት ይቆጠቁጣት ነበር። ጠዋት ግን ተነስታ ገብረ ክርስቶስን «ዛሬ ስንት ቆዳ ይገባል?» ትለዋለች።

በመጨረሻ ግሩም ብድሩን መክፈል አቃተው፤ ሆቴሉ ለጨረታ ወጣ። ተጫራቾች መጡ፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ ሄዱ። ሽታ የማይገደው አንድ የይፋግ እህል ነጋዴ ለሲሚንቶው እንኳ በማይበቃ ዋጋ ወሰደውና የሩዝ መጋዘን አደረገው።

የግሩም ቤተሰብ ዕቃውን አይሱዙ ላይ የጫነ ዕለት ሰፈርተኛው ሸጊቱ እልል ትላለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ አውድማዋ ላይ ቆማ አየች። የግሩም ሚስት ፊቷን አዞረች። ግሩም አላዞረም፤ የሚናገር መስሎ አፉን ከፈተ፣ መኪናው ግን ተነስቶ ነበር። በአዲሱ አስፋልት ላይ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ወደ ቤቷ ገብታ እጇን ታጠበች፣ ምሳዋን ብቻዋን አቀረበች። በላች። ጣማት።