የእትዬ ረሂማ ባሌስትራ

ከወልድያ መርሳ ከሚመላለሱት ታክሲዎች ሁሉ ያረጀችው የእኔ ፊያት ነበረች። አባቴ ገዝቶ ሲነዳት ኖሮ፣ ሲሞት ለእኔ ተዋት። ሞገስ ቢባል ብዙ ሰው አያውቀኝም፤ “ያ ዝምተኛው፣ የአሮጌዋ ፊያት ልጅ” ሲባል ግን መናኸሪያው ሁሉ ያውቀኛል። እንደ ሌሎቹ ነጂዎች ጮኼ ተሳፋሪ መጥራት አልችልም። ሰው ራሱ መጥቶ እስኪገባ መሪዬን ይዤ እጠብቃለሁ። መሪ ከያዝኩ በኋላ ግን የማፍረው ነገር የለም።

በ1973 ዓ.ም. ክረምት የታክሲ ማኅበራችን ተሰበሰበና ሊቀ መንበሩ ጋሽ ብርሃኑ ሁለት ነገር ነገሩን። የመጀመሪያው ደስ የሚል ነበር። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል በወልድያው ኳስ ሜዳ ላይ የነጂዎች ውድድር ይደረጋል። በርሜሎች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ መኪና በበርሜሎቹ መሃል እየተጠማዘዘ ሄዶ ይመለሳል። አንድ ዙር ባዶውን፣ አንድ ዙር አራት ሰው ጭኖ። በርሜል የነካ ነጂ ለቅጣት ሰዓት ይጨመርበታል።

ሁለተኛው ስለ እኔ ነበር።

“ሞገስ፣ ልጄ፣” አሉ ጋሽ ብርሃኑ፣ “ፊያቷ ኩርባ ላይ ትንጋለላለች እያሉ ሰዎች ይከሱሃል። ከመስመር ትውጣ የሚሉ አሉ። እኔ ሳላይ አልፈርድም። ውድድሩ ላይ እንያት፤ ከዚያ እጅ እናወጣለን።”

ግርማ ከኋላ ሳቀ። ግርማ ከሁላችን የተሻለውን ፔጆ የሚነዳ፣ አፉም እንደ መኪናው ፈጣን የሆነ ሰው ነው። “ሞጌ፣ እኔ ልምከርህ፤ ወንበሯን ፍታና ለጠጅ ቤት ስጥ። ሌላው ለቀጥቃጩ ለረዲ መዶሻ ይሁን።”

ሰዉ ሳቀ። ከመስመር ከወጣች እኔም፣ እናቴም፣ እህቴም የምንበላው ከእሷ ጋር እንደሚወጣ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን አልፈራሁም። መኪናዋ ምን እንደሆነች ከማንም በላይ አውቃለሁና።

ችግሯ ከኋላዋ ነበር። ባሌስትራ ማለት ከኋላ ጎማዎች በላይ ተደራርበው የታሰሩ ዝርግ ብረቶች ናቸው፤ መኪናውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። በእኛ መስመር የሽንኩርትና የብርቱካን ጆንያ ስለሚበዛ ባሌስትራ ላይ ብረት ያልጨመረ ነጂ የለም። ብረት የበዛበት መኪና ጠንካራ ነው ብለን እናምናለን። አባቴም በየጎኑ ሁለት ሁለት ብረት ጨምሮባት ነበር። ስለዚህ ጭነት ከሌላት ኋላዋ ከመሬት ይነሣል፤ ኩርባ ላይ ይዘላል፤ መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይታገላል። ከፊት ደግሞ ሁለቱን ጎማዎች አያይዞ መኪናዋ እንዳትንጋለል የሚይዛት ቀጭን ብረት አለ፤ የታሰረበት ጎሚኒ የሚባል የላስቲክ ቀለበት አልቆ ብረቱ በባዶ ቦታ ይንኳኳ ነበር።

መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ቀላል ነበር። ከሥሯ መኪና ማንሻውን ክሪክ አስገብቼ፣ አባቴ የጨመራቸውን ብረቶች ከሁለቱም ጎን አወጣኋቸው። ከዚያ መርሳ ወንዝ ዳር ካለው ደረቅ ሜዳ ወሰድኳትና ድንጋይ ደርድሬ በመሃሉ ነዳኋት። ኋላዋ ዝቅ ብሎ መሬቱን ያዘ። አንድ ድንጋይ አልነካሁም። ብቻዬን ስለነበርኩ ጮኼ ሳቅሁ።

ደስታዬ እስከ ገበያው ብቻ ቆየ። ቀኑ የመርሳ ገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱ ዳር ሰው ቆሞ ይጠብቃል። በገበያ ቀን ባዶ መኪና ይዞ መንገደኛን አልፎ መሄድ በእኛ ዘንድ አይደረግም። የኋላ ብረቶቼን ማውጣቴን ረስቼ ቆምኩ። ቀድመው የገቡት እትዬ ረሂማ ነበሩ፤ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ደንበኛችን የሆኑ፣ ወልድያ ድረስ ብርቱካንና ሽንኩርት የሚነግዱ፣ ሰፊና ደልደል ያሉ ሴትዮ። ሌሎችም ከነጆንያቸው ተከተሉ።

ሲርንቃ ሳንደርስ የኋላው ጎማ ከላይ ካለው ቆርቆሮ ጋር ይፋተግ ጀመር። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ይጮሃል። የተቃጠለ ጎማ ሸተተን።

“አንተ ሞገስ፣ ያረቢ፣ ይቺን መኪና ምን አደረግኻት?” አሉ እትዬ ረሂማ። “ወገቧን የት ጥለህ መጣህ?”

“ሁለት ሁለት ብረት አውጥቼ ነው፣ እትዬ።”

“ለምን?”

“ባዶዋን ስትሆን እንዳትዘል።”

“እሱስ እውነት ነው። ባዶዋን እንደ ፍየል ነበር የምትዘለው። ስንሞላባት ግን ወላሂ አልጋ ነበረች። አሁን ገለበጥከው!” ከዚያ በመስተዋቱ አዩኝ። “እኔ ስገባ የሚነሣ፣ እኔ ስወርድ የሚተኛ ብረት አይሠሩም እንዴ እነዚህ ፈረንጆች?”

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ወልድያ እስክንገባ እሳቸው እየቀለዱ የተናገሩትን በልቤ እየሠራሁት ነበር።

በማግስቱ ያወጣኋቸውን ብረቶች ይዤ መርሳ ወደ ረዲ ሄድኩ። ረዲ ጓደኛዬ ነው፤ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ በርባሶ ጫማ ይቆርጣል፣ ማረሻም ይቀጠቅጣል። ብረቶቹን ከፊቱ አስቀመጥኩ።

“እነዚህ እንደ ቀስት የጎበጡ ናቸው። ቀጥ አድርግልኝ።”

“የጎበጠ ባሌስትራ የሚያመጣ አይቻለሁ፤ ቀጥ ይበልልኝ የሚል ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። ታመሃል?”

“ከሌሎቹ በታች አስራቸዋለሁ። ቀጥ ካሉ ጫፋቸው የላዩን ብረት አይነካም። ባዶዋን ስትሆን ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሰው ሲሞላባት የላዮቹ ዝቅ ብለው ይደርሱባቸዋል፤ ያኔ አብረው ይሸከማሉ።”

ረዲ ብረቱን አገላብጦ አየ። በጣቱ ጉብጠቱን ተከተለ። ከዚያ ወናፉን ሊይዝ ሲነሣ እጁን ያዝኩት።

“እሳት አይንካው። እሳት ያየ ባሌስትራ ወይ ይሰበራል ወይ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል። እንዲሁ በመዶሻ።”

“እንዲሁ በመዶሻ! ክንዴ የመንግሥት መሰለህ?” አለ። ግን ቀጠቀጠው፤ እየተፈራረቅን ቀጠቀጥነው። ላቡን እየጠረገ ስለ ግርማ ፔጆ፣ ስለ ነዳጅ ኩፖን፣ ስለ አማቱም ሲያወራ ብረቶቹ ቀጥ አሉ።

ለፊተኛው ቀጭን ብረት ጎሚኒ በገበያ አይገኝም ነበር። ረዲ ለበርባሶ ካዘጋጀው ጎማ ወፍራሙን መርጦ በቢላው ክብ አድርጎ ቆረጠልኝ። በሚገባ ገጠመ። ንዝረቱን የሚያበርዱትን ከየጎማው አጠገብ ያሉትን ሾክ አብዞርበሮችም ፈታሁና የቀጠነውን ዘይት አፍስሼ ወፈር ያለ ሞላሁባቸው።

የቀረው የታችኛው ብረት መቼ ሥራ እንደሚጀምር ማስተካከል ነበር። ቶሎ ከነካ መኪናዋ ተመልሳ ትዘላለች፤ ከዘገየ ጎማው ይፋተጋል። እኔ ከሥር ተኝቼ ክፍተቱን እያየሁ ረዲ ክብደቱን በሰው እየገመተ ከኋላ ወንበር ላይ ጆንያ ይጭን ነበር።

“አሁን ስንት ሆነ?” አልኩት።

“አንድ እትዬ ረሂማ።”

“ጨምር።”

“ሁለት እትዬ ረሂማ። ሞጌ፣ ሴትዮዋ ይህን ቢሰሙ ሁለታችንንም በርባሶ ነው የሚያደርጉን።”

ሁለት እትዬ ረሂማ ላይ ክፍተቱ ጠበበ። ሦስተኛው ሲጨመር የላዩ ብረት የታችኛውን ጠቅ ብሎ ነካው። ተነሥቼ ጀርባዬን አራገፍኩ። አልቋል ማለት ነው።

የበዓሉ ቀን ሜዳው በሰው ተሞላ። ባንዲራና ሰልፉ ካለፈ በኋላ በርሜሎቹ ተደረደሩ። ግርማ እንደ ባሌስትራ መኪናዋን በሚሸከሙት የፔጆው ጥምዝ ሞላዎች መሃል የጎማ ቁራጭ ወትፎ አጠንክሯት መጥቷል፤ ይህም የእኛ አገር ልማድ ነው። በባዶው ዙር ከሁሉም ቀደመ፤ ሞተሩ ጥሩ ነው፣ ልቡም ደፋር ነው። ግን ስትዘልበት አንድ በርሜል በኋላዋ መታች። እኔ ከእሱ ዘግይቼ ገባሁ፤ ምንም አልነካሁም። ፊያቷ በየበርሜሉ ሥር እንደ ድመት ዝቅ ብላ ዞረች። ጋሽ ብርሃኑ መነጽራቸውን አስተካክለው ለብቻቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የሚጫኑትን ሰዎች የሚመርጠው ነጂው ራሱ ነበር። ግርማ ቀጫጭን ወጣቶች መረጠ። እኔ ከመኪናዬ አጠገብ ቆምኩ። ሰው በሞላበት ሜዳ “ኑ ግቡልኝ” ማለት ከበርሜል መሃል ከመንዳት ይልቅ ከበደኝ።

“ምን ቆመህ ታየናለህ? ክፈተው እንጂ!” አሉ ከኋላዬ። እትዬ ረሂማ ነበሩ፤ እንደ እሳቸው ደልደል ያሉ ሦስት የንግድ ጓደኞቻቸውን አስከትለዋል።

ግርማ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ጮኸ። “ሞጌ! ታክሲ ነው ወይስ የጭነት መኪና? ኧረ ጎማዋን እዘንላት!”

እትዬ ረሂማ እግራቸውን ካስገቡበት መልሰው አወጡና ዞሩበት። “አንተ ግርማ፣ ቀጫጭኑን የመረጥከው መርሳ ላይም እንደምትመርጠው ነው? ባለፈው ጁምዓ ጆንያዬን አይተህ አቧራ አልብሰኸኝ ያለፍከው ለካ ውድድር ላይ ሆነህ ኖሯል!”

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ብርሃኑም ሳቁ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ግርማ ራሱ ሳቀ።

ሁለቱ ከኋላ ሲገቡ ኋላዋ ዝቅ አለ። ሦስተኛዋ ሲገቡ ያቺ የማውቃት ጠቅ ተሰማችኝ። እትዬ ረሂማ ከጎኔ ተቀመጡ።

“ቢስሚላህ። በል ንዳት፣ ልጄ።”

ነዳኋት። የመጀመሪያው በርሜል ላይ ወደ ግራ ስጠመዝዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ቀኝ ሄደ፤ የታችኛው ብረት ተቀበለው። አልተንጋለለችም፤ ጎማው ቆርቆሮ አልነካም። ሁለተኛው ላይ ፍሬን ሳልነካ አለፍኩ። ከኋላ “ያረቢ! ያረቢ!” ይባላል፤ ከጎኔ እትዬ ረሂማ የበሩን እጀታ ይዘው “ደግ! አሁን ወዲህ! ደግ!” እያሉ እሳቸውም የሚነዱ ይመስላሉ። መመለሻው በርሜል ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩ። በመርሳ መንገድ አባቴ ሁልጊዜ ቀስ ይልባት የነበረች ኩርባ ትዝ አለችኝ፤ እኔ ግን ቀስ አላልኩም። ፊያቷ ሣሩን ይዛ ዞረች፤ በርሜሉ በእትዬ ረሂማ መስኮት አጠገብ ሳይነካ አለፈ።

በጭነት ዙር እኔ አንደኛ ሆንኩ። የሁለቱ ዙር ሰዓት ሲደመር ግርማ በጥቂት ቀድሞኝ ሽልማቱን ሬዲዮ ወሰደ። አልከፋኝም፤ እኔ የመጣሁት ለሬዲዮ አልነበረም።

ጋሽ ብርሃኑ ወደ ፊያቷ መጥተው በመስኮት አጎነበሱ። “እመቤቶቼ፣ አንገላታቻችሁ?”

“ካንገላታችን እንወርድ አልነበረም?” አሉ እትዬ ረሂማ። ማንም አልወረደም።

ጋሽ ብርሃኑ ቀና ብለው ወደ ማኅበሩ አባላት ዞሩ። “ፊያቷ በመስመሯ ትቆይ የሚል እጁን ያውጣ።” ከሁሉ ቀድሞ የወጣው እጅ የግርማ ነው፤ በሌላው ሬዲዮውን አቅፏል። ከዚያ የሌሎቹም ወጣ። ትውጣ የሚል እጅ ሲጠየቅ ማንም አላወጣም።

ግርማ ሬዲዮውን እንደያዘ መጣና ጎንበስ ብሎ ከሥር ሊያያት ሞከረ። “ምን ጨመርክባት?”

“ምንም። የነበረውን ነው ቦታውን የቀየርኩት።”

“ነገ ረዲ ጋ ትወስደኛለህ።”

“መዶሻውን አንተ ከያዝክ።”

እትዬ ረሂማ ክንዴን ነካ አደረጉ። “ወሬው ይበቃል፤ ጆንያዬ መናኸሪያ ነው ያለው፤ እሱን ጭነን እንሂድ። አንድ ቦታ አለ አይደል?” አዎ ከማለቴ በፊት መስኮቱን ከፍተው፣ ለእኔ ሲሉ፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ።

“መርሳ! መርሳ! አንድ ሰው!”