የእናቴ ገንዳ ቱቦ

ወንድሜ ኤሚል ደውሎ «የማድ ቤቱ ኮርኒስ እያንጠባጠበ ነው። እማዬ ከእንግዲህ ብቻዋን መኖር አትችልም፤ ሰኞ የአረጋውያን ማረፊያ አስገባታለሁ» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ቅዳሜ ጠዋት መፍቻዬንና የብረት መጋዜን ይዤ ስክራንተን ከተማ እናታችን ቤት ከች አልኩ።

«ለአንድ ቱቦ ብለሽ ሁለት ሰዓት ነዳሽ?» አለኝ በር ላይ ቆሞ።

«ለእማዬ ብዬ ነው። ዞር በል!»

አባታችን በሕይወት ሳለ ቧንቧ ሠራተኛ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። በእኛ ሰፈር የራስን ቱቦ በሰው ማሠራት ውርደት ነው። ሁሉን ራሱ ይጠግን ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ጥገናው የኤሚል ሥራ ነበር፤ ቤቱ ከዚህ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አምስት ደቂቃ!

ኮርኒሱን ቀድጄ ከፎቁ መታጠቢያ ገንዳ ሥር ያለውን ጎባጣ የናስ ቱቦ አገኘሁት። ሆዱ ተበልቶ አረንጓዴ ሆኗል። መፍቻውን ገና ሳሳርፍበት እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረና ጥቁር ውሃ ፊቴ ላይ ተደፋ። ኤሚል ሳቀ።

«ሳቅ! ይህ ባንድ ቀን የሚበሰብስ ነው? ስንት ዓመት ዝም አልክ?»

«እኔ ምን በወጣኝ! የሆነ ነገር በልቶት ነው እንጂ ናስ እንዲህ አይሆንም።»

እውነቱን ነው፤ እውነቱን መሆኑም አናደደኝ። ፎቅ ወጥቼ የመታጠቢያ ቤቱን ቁም ሣጥን ብከፍት የቱቦ መክፈቻ አሲድ ባዶ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«እማዬ! ይህን ማነው የሚደፋው?»

እናቴ ቬሮኒካ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ደረጃው ላይ ቆማ አየችኝ። «እኔ ነኝ። ውሃው አልወርድ ሲል በየእሁዱ አንድ ጠርሙስ እደፋለሁ።»

«ለምን አልጠራሽንም?»

«ብጠራችሁ እሱ ‹ቤቱ ከአቅምሽ በላይ ነው› ይላል። አንቺ ደግሞ ትቆጪኛለሽ። ውሃው እስከወረደ ድረስ ማንም ከቤቴ አያስወጣኝም ብዬ ነዋ!»

«ይኸው!» አለ ኤሚል ከታች። «ራሷ ነች ያበላሸችው!»

መፍቻውን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ይብስ የተናደድኩት ግን በራሴ ነው። በየሳምንቱ ደውዬ «ደህና ነሽ?» እላታለሁ፤ «ደህና» ስትለኝ ስልኩን እዘጋለሁ።

የተበላውን ቆርጬ ጥዬ አዲስ የፕላስቲክ ቱቦ ገጠምኩ። ገንዳውን ሞልተን ለቀቅነው። ኤሚል ባትሪ ይዞ ከሥር አንጋጠጠ። አንድም ጠብታ የለም።

«ይኸው ተሠራ» አልኩት። «ሰኞ የትም አትሄድም።»

«ትሄዳለች! ነገ ብትወድቅስ?»

«አትሄድም!»

«ትሄዳለች አልኩሽ!»

እናታችን ከደረጃው ወርዳ መፍቻውን ከእጄ ነጥቃ የማድ ቤቱን ጠረጴዛ መታችበት። «ዝም በሉ ሁለታችሁም! ስለ ቱቦው ጠየቃችሁኝ፤ ስለ ጠርሙሱ ጠየቃችሁኝ። የት መኖር ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ አለ?»

ኤሚል ባትሪውን አጠፋ። እኔ «እዚህ ነዋ!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የእሷን መልስ ልመልስላት። መልሼ ዘጋሁት። እሷ እኛን እያየች ቆማ ትጠብቃለች፤ «የት መኖር ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቃት ግን አሁንም ከሁለታችን አንድም የለም።