ሃምሳ ሁለተኛው መጽሐፍ እና የለውዙ ወረቀት

ጌትነት በዓመት ሃምሳ ሁለት መጽሐፍ ለማንበብ ሲያቅድ ያጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሃምሳ ሁለትን ለአስራ ሦስት አካፈለ።

አራት ወጣ። በወር አራት መጽሐፍ። በሰንጠረዥ አሰፈረው፤ መስከረም አራት፣ ጥቅምት አራት፣ ኅዳር አራት እያለ ወርዶ ለጳጉሜም ሳያዳላ አራት ሰጣት። ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ እንዳላት ትዝ ያለው ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን፣ ሻይ እየጠጣ ነው። ትን አለው።

ማንም ሊሳሳት ይችላል ብላችሁ እንዳታጽናኑት። ሰውየው አሶሳ ውስጥ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነው። የተወለደው በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች በመሠረቷት፣ ከስም ይልቅ ቁጥር በተሰጣት መንደር ነው፤ ቁጥር መውደዱ ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም። ሌላ ሰው "መጽሐፉ እንዴት ነው?" ሲባል ስለ ታሪኩ ያወራል። ጌትነት ግን "ስልሳ አራት በመቶ ደርሻለሁ፤ አፈጻጸሙ አበረታች ነው" ይላል።

አነባበቡም እንደዚያው ነው። ከሁሉም አብልጦ የሚመቸው ቦታ ስብሰባ ነው። ወፍራም መጽሐፍ ስብሰባ ላይ ያስነቃል፤ ስለዚህ በምላጭ አስራ ስድስት አስራ ስድስት ገጽ እያደረገ ይቆርጠውና ሪፖርት አቃፊ ውስጥ ይከተዋል። አንድ ቀን ሰብሳቢው "ሪፖርቱን ከልቡ የሚያነብ ጌትነት ብቻ ነው፤ ዓይኑን እዩት!" ብለው በሰው ፊት አመስግነውታል። እውነትም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሪፖርቱ ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት ነው፤ እሱ ግን ዋና ገጸ ባሕርይዋ በምጥ የተያዘችበት ምዕራፍ ላይ ነበር።

ነገሩ የጌትነት የግል ጉዳይ ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር። ግን ቤታቸው ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ ሁለተኛዋን ክፍል ከነመስኮቷ መጽሐፍ ወርሷታል። ሚስቱ ስርጉት ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት ማሽኗ የተተከለው በረንዳ ላይ ነው። የአሶሳ ክረምት ሲወርድ ስርጉት በአንድ እጇ ጨርቅ ትገፋለች፣ በሌላው ላስቲክ ትጎትታለች። ዓመቱ በባተ ሰሞን የሠላሳ ተማሪ ዩኒፎርም ረጥቦባት ቀለሙ ተጋባ። ያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ግማሹ ተማሪ ሰማያዊ፣ ግማሹ ደግሞ ስም የሌለው ቀለም ይለብሳል።

"ጌትነት፣ ወይ መጽሐፎችህ ይውጡ፣ ወይ እኔ ልውጣ" አለችው ያን ጊዜ።

"አንቺማ ውጭ ነሽ እኮ" አላት።

በዚህ መልሱ ሦስት ቀን ራሱ አብስሎ በላ። በአራተኛው ቀን ሁለቱም ጎረቤታቸው አልአሚን ሱቅ ሄደው ተዋዋሉ። ጌትነት ሃምሳ ሁለቱን መጽሐፍ እስከ ጳጉሜ አምስት ጀምበር መጥለቂያ፣ እስከ መግሪብ አዛን ከጨረሰ ክፍሉ የመጽሐፍ ሆኖ ይቀራል፤ ካልጨረሰ ማሽኑ ይገባል፣ መጽሐፎቹ በካርቶን ታስረው አልጋ ሥር ይገባሉ። ዳኛው አልአሚን ሆነ። አንድ መጽሐፍ ተነበበ የሚባለው ጌትነት ሱቁ ድረስ መጥቶ ታሪኩን ለአልአሚን ሲተርክለትና አልአሚን "ኸላስ"፣ ማለትም አለቀ፣ ሲል ብቻ ነው።

አልአሚን የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ የሚመጣ ሳሙናና ጨርቅ ይሸጣል፣ ለውዝ ይቆላል። ቁርኣኑን በአረብኛ ያነበንበዋል፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልተማረም። ለዚህ ሥራ ከሱ የተሻለ ዳኛ አልነበረም፤ የኋላ ሽፋን ላይ ያለውን ማጠቃለያ አንብቦ የመጣ ሰው አያታልለውም። "ከዚያስ?" ይላል። "ከዚያስ?" እያለ ሰውን ላብ ያስጠምቃል።

እስከ ነሐሴ መጨረሻ አርባ ስምንት መጽሐፍ "ኸላስ" ተባለ። ጳጉሜ ስትገባ ጌትነት ከየቢሮው ቀጫጭኑን አደነ። አንዱ ስለ ንብ ማነብ ነው፣ አንዱ ስለ ጥርስ ንጽሕና፣ አንዱ ስለ ዶሮ።

"ዶሮው መጨረሻ ምን ሆነ?" አለ አልአሚን።

"እንቁላል ጣለች።"

"ወላሂ ጥሩ መጨረሻ ነው። ኸላስ!"

"ይሄ መጽሐፍ ነው?" ብላ ጮኸች ስርጉት። "አስራ ሁለት ገጽ? ግማሹ የዶሮ ፎቶ?"

"ስርጉት፣ አንተ አትቆጣ" አለ አልአሚን፤ በአማርኛው ወንድም ሴትም "አንተ" ነው። "ውል 'መጽሐፍ' ይላል። 'ወፍራም' አይልም።"

"እሺ፤ የመጨረሻውን ግን እኔ ነኝ የምመርጥለት።"

ፍትሐዊ ነው ተባለ። ስርጉት የልብስ ሜትሯን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባችና ካልተነበቡት መጽሐፎች የሁሉንም ወገብ ለካች። ከሁሉ ወፍራሙን፣ አራት መቶ ገጽ ያለውን ልብ ወለድ አወጣች። ታሪኩ ጥሩአየር ስለምትባል ሴት ነው፤ ሁለት ወንዶች ይፈልጓታል፣ አንዱ ባለ ወፍጮ፣ አንዱ መሬት ቀያሽ። አራት መቶ ገጽ ሙሉ ማንን እንደምታገባ አልወሰነችም።

ጌትነት ሁለት ቀን ሙሉ በእግሩ ሲሄድም፣ ሲበላም፣ ለበዓል ዶሮ ሊገዛ ተሰልፎም አነበበ። ጳጉሜ አምስት ከቀትር በኋላ የመጨረሻዎቹ አስራ ስድስት ገጾች ብቻ ቀሩት። ቆረጣቸው፣ አቃፊው ውስጥ ከታቸው፣ የዓመቱ የመጨረሻ ስብሰባ ላይ ሊጨርሳቸው ሄደ። ስብሰባው ግን ተአምር ሆነ፤ በሰዓቱ አለቀ። ጌትነት በሥራ ዘመኑ እንዲህ ዓይነት በደል ደርሶበት አያውቅም።

በንዴት እየተብሰለሰለ በአልአሚን ሱቅ በኩል አለፈ። እዚህ ላይ አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። ጌትነት ያለፈበትን ሪፖርት ሁሉ ለአልአሚን ለለውዝ መጠቅለያ ይሰጠዋል። እንዲያውም በከተማው የሩብ ዓመት ሪፖርት በትክክል የሚነበበው ለውዝ በላተኛ ዘንድ ነው። የዚያን ቀንም አቃፊውን ከፈተ፣ ያለውን ወረቀት በሙሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈ፣ "መልካም በዓል" አለና ባዶውን አቃፊ በብብቱ ይዞ እየተነጫነጨ ሄደ።

ቤቱ ደርሶ ሊያነብ ተቀመጠ። አቃፊውን ከፈተ። ከዚያ ስርጉት በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀውን ድምፅ ሰማች።

ጌትነት ሱቁ ሲደርስ አልአሚን ለውዝ እያራገፈ ነበር።

"አልአሚን፣ ወረቀቱ!"

"ጥሩ ወረቀት ነው። ከሌላው ጊዜ ይሻላል፣ ዘይት ይችላል።"

"ሪፖርት አይደለም! ጥሩአየር ናት!"

አልአሚን ጭንቅላቱን ያዘ። ስምንቱ ቅጠል ተቆጠረ፤ ስድስቱ አለ። ሁለቱ ተሸጧል። አንዱን የወሰደው ባጃጅ ነጂው መርጋ ነው፤ ሌላውን፣ የመጨረሻውን ቅጠል፣ የአልአሚን የእህት ልጅ ጁምዓ ይዞት ወደ መናኸሪያ ሄዷል፤ ለበዓል ኩርሙክ ሊገባ።

መርጋን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ጥግ ላይ ባጃጁ ውስጥ ተጋድሞ ወረቀቱን እያነበበ ነበር።

"መርጋ፣ ስጠኝ!"

"ኧረ ጌትነት፣ ቀስ በል! ይሄ ቀያሽ የሚሉት ሰውዬ በቅሎ ሰርቆ ነው የመጣው?"

"ተውሶ ነው! ገጽ ሁለት መቶ አስር ላይ አለ! ወደ መናኸሪያ ንዳ!"

ጌትነት ስድስቱን ቅጠል ጨርሶ በጨው የታሸውን ሰባተኛ ባጃጁ እየዘለለች አነበበው። ጥሩአየር ወንዝ ዳር ቆማለች፤ ባለ ወፍጮው በወዲህ፣ ቀያሹ በወዲያ። ገጹ አለቀ። መናኸሪያ ሲደርሱ የኩርሙክ መኪና ከወጣ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል።

ወደ ሱቁ ተመለሱ። ስርጉት ደርሳ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው። አልአሚን ደወለ፣ ስፒከር ላይ አደረገው።

"ጁምዓ! ለውዙን በላህ?"

"በላሁ ኻሊ፣ አልሐምዱሊላህ" አለ አጎቱን በአረብኛ ጠርቶ።

"ወረቀቱን ጣልክ?"

"ኧረ አልጣልኩም። ጽሑፍ አለው፣ አየዋለሁ።"

ጌትነት ስልኩን ነጠቀ። "ጁምዓ፣ ወንድሜ፣ አንብብልኝ! ከላይ ጀምር!"

ጁምዓ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሯል፤ ረጋ ብሎ፣ እንደ ፈተና ያነባል። "'ጥሩአየር... ውሃውን... አየች። ከዚያ... ፊቷን... አዞረችና... እንዲህ አለች...'"

"ምን አለች?"

"ቆይ። ይሄ ጥሩአየር ሰው ነው በቅሎ ነው?"

"ሰው ናት! ምን አለች?"

"እና ለምን ወንዝ ዳር ቆመ? እኔ መጨረሻ ብቻ አላነብም። መጀመሪያ ንገረኝ፣ ከዚያ መጨረሻ እነግርሃለሁ።"

"ጁምዓ፣ አራት መቶ ገጽ ነው!"

"መንገዱም ረጅም ነው።"

ጌትነት ሰማዩን አየ፣ ስርጉትን አየ፣ ከዚያ መተረክ ጀመረ። የመጀመሪያውን ሃምሳ ገጽ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። ከመኪናው ውስጥ ድምፅ በዛ፤ ጁምዓም ስፒከር ላይ አድርጎት ኖሯል። አንዲት ሴት "ወፍጮ ያለው ይሻላል! ቀያሽ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው!" አለች። አንድ ሽማግሌ "ባለ ወፍጮው መጀመሪያ ሚስቱን ለምን ፈታ? እሱን ይንገረን" አሉ። ሾፌሩ ከጋራው ወዲያ ኔትወርክ ስለሌለ ታሪኩ እስኪያልቅ ብሎ መኪናውን ጥግ አስያዘ። ሱቁ ደጃፍ ላይም መርጋ "ገጽ ሁለት መቶ አስር ላይ ነው የተዋሰው" እያለ ለሚመጣው ሁሉ ያስረዳል።

ጌትነት ላቡ እየፈሰሰ ወንዙ ዳር ደረሰ። "...ይኸውና አሁን መሃል ላይ ቆማለች። ጁምዓ፣ በል! ምን አለች?"

"እሺ። 'እንዲህ አለች...'"

"አላሁ አክበር!" አለ አዛኑ።

ከስልኩ ሾፌሩ "ግቡ፣ ግቡ፣ መሸ" ሲል ተሰማ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ መስመሩ ተቋረጠ።

ሁሉም አልአሚንን አየው። አልአሚን ጌትነትን ይወደዋል፤ ያለ እሱ የትኛዋ ምሽት አማረችለት? ግን ጃኬቱን ደረበ፣ ወደ መስጊድ ሊሄድ ተነሣ፣ አንገቱንም ነቀነቀ።

"ኸላስ" አለ። "ክፍሉ የስርጉት ነው።"

"አልአሚን፣ ግማሽ ገጽ እኮ ነው የቀረኝ! ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ በመቶ!"

"ጾም ላይ ግማሽ ቀን ሲቀር ብትበላ ጾምክ ትባላለህ?"

ስርጉት ከጆንያው ተነሣች፤ እልል ትላለች ብሎ ሁሉም ጠበቀ። አላለችም። ሜትሯን እየጠቀለለች ቤቷ ገባች።

በማግስቱ፣ የመስከረም አንድ ጠዋት፣ ጌትነት መጽሐፎቹን እያሰረ ካርቶን ውስጥ ከተታቸው። ስርጉት ደጃፉ ላይ ቆማ ታየዋለች።

"ባለ ወፍጮውን ነው አይደል ያገባችው?" አለች በመጨረሻ።

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቅም? ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ!"

"ውል ውል ነው። የኔ ንባብ አልቋል።"

"ጌትነት፣ ደውል!"

አልደወለም፤ ስልኩ ራሱ ጮኸ። ጁምዓ ነበር። "እንኳን አደረሳችሁ! መጨረሻውን ላነብላችሁ ነው። ግን እዚህ ኩርሙክ ሃያ ሰው ተሰብስቧል። መኪና ላይ አልነበሩም። ከመጀመሪያው አንዴ ድገምላቸው።"

ጌትነት አፉን ሳይከፍት ስርጉት ስልኩን ከእጁ ወሰደች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን አጠፈች።

"እንግዲህ ስሙኝ። ጥሩአየር የምትባል ልጅ ነበረች፤ አባቷ ደብተራ ነው..."

"አባቷ ነጋዴ ነው" አለ ጌትነት።

"አንተ ማሽኑን አስገባ! ነጋዴ ነው፣ ግን ክፉ ነው..."

ጌትነት ከበረንዳው ማሽኑን አቅፎ እየጎተተ፣ በየእርምጃው እያረመ፣ በየእርማቱ እየተሰደበ ገባ። ስርጉት አሳጥራ፣ አጣፍጣ፣ ለባለ ወፍጮው ጺም ጨምራለት ታሪኩን ወንዙ ዳር አደረሰችው። ጁምዓ ጉሮሮውን ጠረገ።

"'እንዲህ አለች፦ በሉ፣ እናንተ ተነጋገሩ። ከዚያም የቀያሹን በቅሎ ተቀምጣ፣ ወደ ታች፣ ማንም ወደማያውቃት አገር ሄደች።' አለቀ።"

ከኩርሙክ ሳቅና ጭቅጭቅ ባንድ ላይ ፈነዳ።

"አራት መቶ ገጽ!" አለ ጌትነት፤ ማሽኑን እንዳቀፈ መሃል ክፍሉ ላይ ቆሟል። "ቀያሹ በተዋሰው በቅሎ! ያውም በሰው በቅሎ!"

ስርጉት ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። "ጎበዝ ሴት።"

"ለማንኛውም ሃምሳ ሁለተኛው ተጠናቋል።"

"ዓመቱ ተለውጧል ጌትነት፤ የዘንድሮ አንደኛ ብለህ መዝግበው። አሁን ማሽኑን ወደ መስኮቱ አስጠጋልኝ፤ ብርሃን እፈልጋለሁ።"