በአማት ደጅ መሮጥ

ሚስቴ ጥሩሐረግ የሩጫ ጫማዬን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ያሰረችው ጠልታኝ አይደለም። ወድዳኝ ነው። ከሚወዱት ሰው ጋር መከራከር ደግሞ ከጠላት ጋር ከመከራከር ይከፋል፤ ጠላትን ቢያንስ ትቶ መሄድ ይቻላል።

እኔ መልሰው የቡሬ ልጅ ነኝ። ሰቆጣ የመጣሁት በመሬት አስተዳደር ባለሙያነት ተመድቤ ነው። ትንሽ ሠርቼ ወደ አገሬ ልዛወር ነበር ሐሳቤ፤ ጥሩሐረግን አየሁና ዝውውሩ ቀረ። የመሬት ሰው ልባል እንጂ መሬቱን የሚረግጡት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ወንበሩን ነው የምረግጠው። ከቤት ቢሮ በባጃጅ፣ ከቢሮ ሥጋ ቤት በባጃጅ። የዋግ ፍየል እንደሆነ እግዜር ሲፈጥረው ለጥብስ ነው። ሆዴ ቀስ በቀስ ጠረጴዛውን ይገፋ ጀመር።

አንድ ቀን ራሴን ፈለጠኝና ጎረቤታችን ሲስተር መክሊት ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የደም ግፊቴን ለካች። በሌላኛው ክንዴ ደገመች።

«አባትህ በምንድን ነው የሞቱት?» አለችኝ።

ነገርኳት። አባቴ በእኔ ዕድሜ ግማሽ ጎኑ ተይዞ፣ ቃል ከአፉ ሳይወጣ፣ በአልጋ ላይ ስንገለብጠው ኖሮ ነው የሞተው። እሷም መሬት መሬት እያየች «አንተም እዚያው መንገድ ላይ ነህ» አለች። መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ጨው ከለከለችኝ፤ መንቀሳቀስ አለብህ አለችኝ። መጀመሪያ የእግር ጉዞ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ከዚያ ልብህ ተመርምሮ ከተፈቀደልህ ሩጫ።

ቤት ገብቼ ስነግራት፣ ሩጫ የሚለውን ቃል ስትሰማ የጥሩሐረግ ፊት ተለዋወጠ። ጠፍቶ የከረመ በሬው ተገኘ ሲባል አጎቷ ዳገቱን በሩጫ ሲወጣ ልቡ ቆሞ ቀርቷል። መክሊት የተደበቀ የልብ ሕመም ኖሮበት እንደሚሆን፣ እኔንም ሆስፒታል ልካ የምታስመረምረኝ ለዚሁ መሆኑን አስረዳቻት። ተመረመርኩ፤ ልቤ ደህና ሆነ። ጥሩሐረግም በግድ እሺ አለች፤ ግን የራሷን ሕግ አወጣች።

«አንድ ቀን ወድቀህ ባይ፣ ጫማው የኔ ነው።»

መጀመሪያ ቱታ ለብሼ የወጣሁ ዕለት ሰቆጣ ጉድ አለች። የመሬት አስተዳደር ሰው ሲሮጥ ያየ ሁሉ የሆነ ቦታ ድንበር የፈረሰ እየመሰለው «ምን ተፈጠረ?» ይለኝ ነበር። እኔ መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ አልነበረኝም። ውሾች ያባርሩኛል፤ አሮጊቶች ከንፈር ይመጥጡልኛል። ጉልበቴ ጮኸ፣ ጥፍሬ ጠቆረ፣ ብዙ ጊዜ ላቆም ማልኩ። ግን ወራት ሲያልፉ ሆዴ ከጠረጴዛው ራቀ። ግፊቴ ወረደና መክሊት የምውጠውን መድኃኒት በግማሽ ቀነሰችልኝ። ማንኮራፋቴም ጠፋ፤ ጥሩሐረግ ደግሞ «ጸጥታው እንቅልፍ ነሳኝ» ብላ አማረረች። ሰው ምን ይደረግለት!

በጥቅምት በከተማችን የግማሽ ማራቶን ውድድር ተዘጋጀ። ከሰቆጣ ተነስቶ በጋዝጊብላ መንገድ ሄዶ መመለስ ነው። የአማቶቼ ቀዬ ደግሞ እዚያው መንገድ ዳር ነው። የሩጫው ወሬ በገበያተኛ አፍ አማቴ እማማ ደብሬ ዘንድ ደረሰ። አማች በአማቱ ደጅ ሳይቆም ካለፈ ወይ ተጣልቷል ወይ ሊፈታ ነው፤ ይህ በቡሬም ያለ ነው፣ በዋግ ግን ይብሳል።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት መክሊት ሯጮቹን ሁላችንንም በሚዛን መዝና «ሲጠማችሁ ብቻ ጠጡ» ብላ አስጠነቀቀችን። እኔ ከኋላ ተርታ ጀመርኩ። ብርድ ነበር፤ ላቤም ብዙ አልወጣም። ደስ ብሎኛል፤ እንዲያውም እያፏጨሁ ነበር የምሮጠው።

የአማቶቼ ቀዬ ስደርስ እማማ ደብሬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ብርዝ የሞላ ዋንጫ በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱ መሐል ቆመዋል። የጥቅምት ማር ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

«እንኳን ደረስክልኝ፣ ልጄ! ጠጣ!»

«እማማ፣ አልጠማኝም እኮ።»

«በሞቴ!»

ጠጣሁ። «በአንድ እግር አይቆምም» ብለው ደገሙኝ። ጠጣሁ። «ጉልቻው ሦስት ነው» አሉ። እሱንም ጠጣሁ። ከቅዳሴ የተመለሰው ዘመድ ሁሉ በመንገዱ ተሰልፎ ኖሯል፤ የጥሩሐረግ አክስት በጣሳ፣ ወንድሟ በጀሪካን ውሃ ይዘው ይጠብቁኛል። የእማማን ጠጥቶ የእኔን ንቆ አለፈ እንዳልባል የሁሉንም ጨለጥኩ። እየሳቅን ነበር። «እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ» ያለው ሰው እኔን አይቶ መሆን አለበት። ይባስ ብሎ መንገዱ መመለሻም ነበረው፤ ስመለስ ያ ሁሉ ዘመድ ዕቃውን እንደገና ሞልቶ ቆሟል።

ሰቆጣ ሲታየኝ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ቀለበቴ ጣቴን አነቀኝ። ራሴን ይወቅረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ እግሬ ከዳኝና ተቀመጥኩ። ጥሩሐረግ ጮኻ መጣች።

«ውሃ! ውሃ አምጡለት!»

ሰው ሁሉ የያዘውን ዘረጋ። መክሊት ሕዝቡን በክርኗ ገፍታ ገባችና አፌ ላይ የደረሰውን ጣሳ ነጠቀች።

«ማንም ውሃ እንዳይሰጠው! አንድ ጉንጭ እንኳ!»

«ባሌን በውሃ ጥም ልትገይው ነው?»

«ምን ያህል እንደጠጣ አታውቂም። ደግፊው፣ ሚዛን ላይ ይውጣ።»

ወጣሁ። መክሊት ሚዛኑን አየች፤ ወደ እኔ ዞረች። «ይህን ሁሉ አገር ሮጦ ኪሎ የጨመረ ሰው ካንተ በቀር አላየሁም» አለች። አልሳቀችም ግን። ውሃው ከላቤ በልጦ የደሜን ጨው እንዳቀጠነው፣ ይህ ሲብስ ራስን አስቶ እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ሊገድልም እንደሚችል ለጥሩሐረግ ነገረቻት። ውሃ ሲሉ የነበሩት የሚስቴ እጆች የተዘረጋውን ጣሳ ሁሉ ከእኔ ይገፉ ጀመር። ያኔ ነው የፈራሁት።

ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ለወራት ጨው ስትከለክለኝ የኖረችው መክሊት ጨው የበዛበት መረቅ በእጇ አጠጣችኝ፤ ሌላ ነገር እንዳይቀምስ ብላም አጠገቤ ተቀመጠች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽንቴ መጣ። ሽንቱን ሸንቶ እልል የተባለለት ጎልማሳ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ እልል ያለችው ጥሩሐረግ ናት።

ደስታው ግን ደጃፋችን ድረስ ብቻ ነበር። ቤት ስንገባ ጫማዬን ከእግሬ ላይ አወለቀች፣ ሳጥኑን ከፈተች፣ ቆለፈች።

ለመንኳት። ለመንኳት። አማላጅ ላክሁባት። ከርሜ ከርሜ ወደ ወንበሬና ወደ ባጃጄ ተመለስኩ። መክሊት ስትለካኝ ግፊቴ ሽቅብ ጀምሯል፤ የተቀነሰው መድኃኒት ተመለሰ። ይህን ለጥሩሐረግ ስነግራት አለቀሰች።

«አንተን መቅበር አልፈልግም» አለችኝ።

«ተቀምጬስ አልሞትም? አባቴ አንድ ቀን ሮጦ ያውቃል?»

ቁልፉን በእጇ ጨብጣ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም የባሰ አዘንኩ፤ እውነቷን ነው፣ እኔም እውነቴን ነው።

በገበያ ቀን እማማ ደብሬ ማር ይዘው መጡ። ስለ ታመምኩት ሰምተዋል፤ ምክንያቱን ግን ደፍሮ የነገራቸው ሰው የለም። መክሊትም ቡና ልትጠጣ ጎራ ብላ ነበርና ሳታውቅ አፈነዳችው። አማቴ ነገሩ ሲገባቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ቀጥሎ ከልጃቸው ጋር በአገውኛ ተነጋገሩ፤ ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻ እኔም እንድሰማው ይመስላል ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«ያጠጣሁት እኔ፣ የታሰረው ጫማው! ይኼ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው? ከቆለፍሽ ዋንጫዬን ቆልፊው!»

«እማማ፣ እንግዲህ ሳልቆም ባልፍስ?» አልኩ፣ የረዳሁ መስሎኝ።

ዞረው አዩኝ። «ሳትቆም? በደጄ? ምን በድዬህ ነው?»

እሳቸው ወደ መክሊት ዞሩ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ። እንዳይታመምብኝ ምን ያህል ላጠጣው?»

«ከጠማው ትንሽ። ካልጠማው ምንም።»

«ምንም» አሉ፤ ቃሉን በአፋቸው እያገላበጡ። «እሺ። ምንም።» ከዚያ መዳፋቸውን ለልጃቸው ዘረጉ። ጥሩሐረግ ብዙ አንገራገረች፤ በመጨረሻ ግን ክሩን ፈታ ቁልፉን እናቷ መዳፍ ላይ አኖረች።

«ግን በባጃጅ እከተለዋለሁ» አለች።

እሑድ ወጣሁ። በጋዝጊብላ መንገድ እኔ ከፊት፣ ባጃጁ ከኋላዬ እያንቋረረ። ሚስቴ አንገቷን አውጥታ በየዳገቱ «ደከመህ? ቁም! አመመህ?» ትለኛለች። መንገደኛው ሁሉ ዕዳ ሳልከፍል የሸሸሁ ሳይመስለው አልቀረም። የቀዬው ዛፎች ሲታዩኝ እርምጃዬን ቀነስኩ። እማማ ደብሬ እንደዚያን ቀኑ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዋንጫቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሐል መንገድ ላይ ናቸው። ከኋላቸው አክስት ከነጣሳዋ፣ ወንድም ከነጀሪካኑ። የፈሩት ይደርሳል አልኩ። ባጃጁም ቆመ፤ ጥሩሐረግ ስትወርድ ሰማሁ።

«እንኳን ደረስክልኝ፣ ልጄ! ጠጣ!»

ጎንበስ ብዬ ዋንጫውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ቀለለኝ። ወደ ውስጥ አየሁ፤ ባዶ ነው። ቀና ስል እማማ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ይጠብቁኛል። ዋንጫውን ወደ አፌ ወሰድኩ፣ ጭልጥ አደረግሁ፣ አፌንም ጠረግሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።»

«በአንድ እግር አይቆምም!» ባዶ ማሰሮ አዘንብለው ቀዱልኝ።

«በቃኝ፣ ጠገብኩ።»

«በሞቴ!»

ጠጣሁ። ሦስተኛውንም ጠጣሁ፤ ጉልቻው ሦስት ነው። አክስቷ ባዶ ጣሳዋን፣ ወንድሟ ባዶ ጀሪካኑን እየዘረጉ በሞቴ፣ በሞቴ አሉኝ፤ የማንንም ሳላስቀይም የሁሉንም ጠጣሁ። ከዚህ በላይ የከበርኩበት ቀን የለም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ላብ አስመስዬ ጠረግሁት።

ዞር ስል ጥሩሐረግ መንገዱ ዳር ቆማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ጫማው ከተቆለፈ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። እናቷ ከነጠላቸው ሥር ሌላ ዋንጫ አወጡና ሰጧት። የእሷ እውነተኛ ብርዝ ነበረው። ተጎነጨች፤ ከዚያ ወደ ባጃጁ ዞራ ሾፌሩን «አንተ ተመለስ፣ አትከተለው» አለችው።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ እዚሁ ከእናቴ ጋ እጠብቅሃለሁ። ሂድ ሩጥ።»

ባጃጁ ወደ ሰቆጣ አዞረ። እኔም ወደ ጋዝጊብላ ብቻዬን ሮጥኩ።